«ስታብላይዘር ግዙ» ለሚለው ማስታወቂያችሁ የተጻፈ መልስ

ግንቦት 2018 ዓ.ም.

ለአካባቢያችን የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት
አዲስ አበባ

የተከበሩ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ፣

እንደምን ሰነበቱ። ይህን የምንጽፍልዎ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ዳርቻ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶኑ ቁልቁል በሚወርድበት በኩል የምንኖር ደንበኞቻችሁ ነን። በመጋቢት ወር 63 ሰው የፈረመበት አቤቱታ ይዘን መጥተን ነበር። ትራንስፎርመሩ አልበቃንም፣ መስመሩም ደክሟል፣ መጥታችሁ እዩልን የሚል ነው። ሦስት ሳምንት ዝም አላችሁ። ከዚያ መልሱን በራችሁ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። በአካባቢው የኃይል መዋዠቅ ስለሚታይ ደንበኞች በቀላሉ የሚበላሹ ዕቃዎቻቸውን በስታብላይዘር፣ ማለት በቮልት ማስተካከያ፣ እንዲጠቀሙ ይላል። ማኅተምም አለው። እኛ የጠየቅነው ትራንስፎርመር ነበር። የተሰጠን የሱቅ ምክር ሆነ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፣ በኋላ ሐሜት እንዳይሆን። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነኝ። ኑሮዬ ፍሪጅ መጠገን ነው። ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ። ስታብላይዘርም ከመርካቶ እያመጣሁ እሸጣለሁ። ስለዚህ ማስታወቂያችሁ ለእኔ ገበያ ነው። ከተለጠፈ ወዲህ ባሉት ቀናት ውስጥ ብቻ ስድስት ሰው አዞኛል። ዝም ብዬ ብሸጥ ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ቁጥሩን እናስቀምጥ። ለአንድ ቤት መግባት ያለበት 220 ቮልት ነው። ሦስት ፌዝ፣ ማለት ሦስት ኃይል አምጪ ሽቦ፣ ለሚጠቀም 380። ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለት የትም አገር አለ። አውሮፓ ውስጥ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 10 በመቶ ይታገሡታል። በዚያ ሒሳብ የእኛ ከ198 እስከ 242 ቢዋልል ማንም ባልጮኸ። ሱቄ ግድግዳ ላይ አንድ ደብተር ተንጠልጥሏል። ከአምና ጥቅምት ጀምሮ በቴስተር እየለካሁ የምጽፍበት ነው። በዚህ ዓመት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ 238 ገደማ ይላል። ጠዋት ሁሉም ቁርሱን ሲያበስል 190። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ምጣዱም ምድጃውም ሲለኮስ፣ 158። የፋሲካ ዋዜማ ማታ 149 ሳነብ የቴስተሩ ባትሪ ያለቀ መስሎኝ ቀየርኩት። ባትሪው ደህና ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ዶሮ እየሠራ ነበር።

አሁን ወደ ምክራችሁ ልምጣ። ምክሩ ውሸት አይደለም። ስታብላይዘር ዕቃ ያድናል፤ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በእጄም ገጥሜያለሁ። ውስጡ ያለው ዋና ነገር በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ኦቶ ትራንስፎርመር ነው። የሚገባውን ቮልት ይለካል። ዝቅ ካለ ከፍ፣ ከፍ ካለ ዝቅ አድርጎ ያወጣል። ርካሹ ዓይነት ይህን የሚሠራው በሪሌ፣ ራሱ በሚቀያይር ማብሪያ ማጥፊያ፣ ነው። ማታ ማታ ቀጭ ቀጭ ሲል የሚሰማው እሱ ነው። ደረጃ በደረጃ ስለሚዘል ልክ 220 ላይ አይቆምም፣ እዚያው አካባቢ ያደርሳል። ለፍሪጅ ይበቃል። ሰርቮ የሚባለው ደግሞ ትንሽ ሞተር አለው። ሞተሩ የካርቦን ብሩሽ በጥቅሉ ላይ እያንሸራተተ በጣም አስተካክሎ ያወጣል። ለላብራቶሪ ማሽን የሚመረጠው ይህ ነው። ብሩሹ ግን ያልቃል፣ አቧራም አይወድም። የእኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ነገር ቢያጣ አቧራ አያጣም።

የፍሪጅ ኮምፕረሰር ሞተር ነው። ቮልት ሲያንሰው ለመነሣት ይታገላል። አልነሣ ሲል ቆሞ ያጉረመርማል። እንደዚያ ቆሞ የሚስበው አምፔር (የኤሌክትሪኩ ፍሰት መጠን) እየዞረ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ነው። ጥቅሉ ይግላል፣ የሽቦው ሽፋን ይቀልጣል፣ በመጨረሻ ሽቦ ከሽቦ ይገናኛል። መብራት ሄዶ በደቂቃ ውስጥ ሲመለስም ሌላ ጣጣ አለ። ቱቦው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ገና አልተስተካከለም። በዚያ ላይ ኮምፕረሰሩን ተነሣ ማለት ሸክም እንደተሸከመ ሰው ዳገት ላይ ሩጥ እንደማለት ነው። ደህና ስታብላይዘር 3 ደቂቃ ገደማ አዘግይቶ የሚለቀው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው «ተበላሽቷል፣ ቶሎ አይለቅም» እያለ ያመጣልኛል። አልተበላሸም፣ ሥራውን እየሠራ ነው። «ማዘግያውን አጥፋልኝ» የሚልም አለ። አላጠፋም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ማስታወቂያችሁን የምቃወምበትን ምክንያት ልዘርዝር።

አንደኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የከፋው፣ ስታብላይዘር ኃይል አይፈጥርም። የሚሰጠውን ከመስመሩ ነው የሚያመጣው። 2,000 ዋት የሚጠቀም ቤት በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። በሩ ላይ የደረሰው 150 ቮልት ሲሆን ስታብላይዘሩ ዕቃውን ሙሉ ለማብላት ከ13 አምፔር በላይ ይስባል። ራሱ የሚበላው ሳይቆጠር ነው። አምፔሩ በጨመረ ቁጥር ሽቦው ላይ የሚቀረው ቮልት ይጨምራል። ከእሱ በታች ላለው ቤት የሚደርሰው ያንሳል ማለት ነው። ያም ጎረቤት ይመረውና እኔ ዘንድ ይመጣል። ሸጥኩለት። ከዚያ የሚቀጥለው ይመጣል። አምና በጥቅምት በእኛ ቁልቁል የማውቀው 4 ስታብላይዘር ነበር፤ ደብተሬም የምሽቱን 176 ይል ነበር። ዛሬ 31 ስታብላይዘር አለ። የምሽቱ 158 ነው። ሁሉንም በስታብላይዘር አላሳብብም፣ ቤትም ተጨምሯል። ነገር ግን እርስ በርስ ቮልት እየተነጣጠቅን መሆናችን ሒሳቡ ላይ ያለ ነው። የመጨረሻው ምሰሶ ሥር አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ስታብላይዘር የላቸውም፣ የሚገዙበትም የላቸውም። ማታ አምፖላቸው ሽቦው ብቻ ቀልቶ ይታያል። «ልጄ፣ ለእኔ ደግሞ ምን ትሸጥልኛለህ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። ከላይ ላሉት ለ31ዱም አብዛኛውን የሸጥኩት እኔ ነኝ።

እናንተ አሁን በማኅተም ያዘዛችሁት ይህንኑ ነው። ሁሉም ሰው ማስታወቂያውን ቢፈጽም ሰፈሩ ይድናል ማለት አይደለም። ይብሳል።

ሁለተኛው የእንጀራ ነገር ነው። ማስታወቂያው «በቀላሉ የሚበላሹ ዕቃዎች» ይላል። ምጣድ በቮልት ማነስ አይበላሽም። ስለዚህ በእናንተ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። ከሱቄ ሦስት ቤት ወረድ ብላ የምትኖረው ጎረቤቴ ግን ለሦስት ምግብ ቤት እንጀራ ጋግራ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። የምጣድ ሙቀት በቮልቱ ልክ አይደለም የሚወርደው፣ በቮልቱ ካሬ ነው። 158 ቮልት ላይ ያ ምጣድ የሚሰጠው በ220 ከሚሰጠው ግማሽ እምብዛም አያልፍም። ሊጡ ሲፈስ ምጣዱ አይቀበለውም። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጠርዙ ይደርቃል፣ መሐሉ ሊጥ ይላል። ምግብ ቤቶቹ አንድ ሁለቴ ታገሡ፣ በሦስተኛው መለሱባት። አሁን የምትጋግረው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነሥታ ነው፣ ሰው ሲተኛ ቮልቱ ስለሚመለስ። ቡሖው ግን ሰዓት አይጠብቅም። ማታ ለመጋገር የደረሰው እስከ ሌሊት ሲቆይ ይኮመጥጣል።

«እሷም ትግዛ» ይባል ይሆናል። የምጣዷ ጉልበት 3 ተኩል ኪሎ ዋት ነው። ካርቶኑ ላይ 5,000 ተብሎ የሚጻፈው ስታብላይዘር ደግሞ 5,000 የሚችለው የሚገባው ቮልት ደህና ሲሆን ነው። የሚገባው ሲያንስ አቅሙም አብሮ ይወርዳል፣ በአንዳንዱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ይህን ሻጭ አይናገርም። እኔ ስለምናገር አንዳንድ ደንበኛ ጥሎኝ ሄዷል። ስለዚህ ለእሷ ከ5,000ም ከፍ ያለ ያስፈልጋታል፤ ዋጋው ምጣዱን ብዙ ጊዜ ይገዛል። ገዝታ ብትሰካው ደግሞ ከዚያ ደካማ መስመር ከ22 አምፔር በላይ ትስባለች። ያን ቀን የእማማ አምፖል ጨርሶ ይጠፋል።

ሦስተኛው የገና ዋዜማ ሌሊት ነው። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ምሰሶው ላይ የኒውትራሉ (የመመለሻው ሽቦ) ማያያዣ ላልቶ ቆየና ተለያየ። ለማያውቅ ሰው ነገሩ ተአምር ይመስላል። የአንዱ ቤት አምፖል እንደ ፀሐይ ይበራል፣ የጎረቤቱ ይፈዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኒውትራሉ ሲጠፋ ቤቶቹ በተለያዩ ፌዞች መካከል ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በመካከላቸው ያለው 380 ቮልት፣ ሌሊት ደግሞ ከዚያም ትንሽ ከፍ የሚለው፣ እንደ ጭነታቸው ይከፋፈላል። ብዙ ዕቃ የሰካው ቤት ጥቂት ይደርሰዋል። ጥቂት የሰካው፣ ቲቪ ብቻ ከፍቶ የሚያይ፣ ብዙውን ይቀበላል። ደርሼ ስለካ በአንዱ ቤት 310፣ በጎረቤቱ 90 አነበብኩ። በዚያ ሌሊት 9 ቤት ዕቃ ተቃጠለ። ሰባት ቲቪ፣ ሁለት ፍሪጅ፣ አንድ የልጅ ኮምፒውተር።

እዚህ ላይ ማስታወቂያውን የጻፈው ባለሙያ እንዲያስብበት የምፈልገው ነገር አለ። የዛሬ ቲቪ ጀርባውን ቢያዩት ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። የስልክ ቻርጀርም እንዲሁ። ለዝቅተኛ ቮልት ስታብላይዘር አያስፈልጋቸውም። ሰው በከንቱ ገንዘቡን እያወጣ ነው፣ እኔም ሲጠይቁኝ እላቸዋለሁ። የሚገድላቸው ከፍተኛው ነው። 310 ቮልት ሲገባ ውስጥ ያለው ካፓሲተር (ኃይል የሚያጠራቅመው ዕቃ) ላይ የሚያርፈው ወደ 438 ነው። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ 400 ነው። ይፈነዳል። ከተቃጠለባቸው 9 ቤቶች ሦስቱ ስታብላይዘር ነበራቸው። ከፍሪጁ ጋር የተያያዘው ነው፣ ቲቪው በዲቫይደር ለብቻው ነበር። የሁለቱ ስታብላይዘር ቆርጦ ፍሪጁን አዳነ። የሦስተኛው ራሱ ነደደ፤ ጢሱ መጋረጃ ደርሶ ነበር። እንዲህ ያለውን በስታብላይዘር ብቻ መከላከል አይቻልም። የሚከላከለው ማያያዣውን በጊዜ ያጠበቀ ሠራተኛ ነው።

የጥገና ቡድናችሁ በሁለተኛው ቀን መጣ። ማያያዣውን ቀየረ፣ ሄደ። ልጆቹ ጨዋ ነበሩ፣ ቡናም ጠጥተዋል። ነገር ግን ምን እንደተበላሸ የሚል አንዲት ወረቀት አልሰጡንም። ካሣ ልንጠይቅ ስንመጣ መስኮቱ ላይ «ከቆጣሪ ወዲያ ያለው የደንበኛ ነው» ተባልን። የላላው ከቆጣሪ ወዲህ ነበር። ምሰሶው ላይ። «ማስረጃ አምጡ» ተባልን። ማስረጃው የእናንተ ሠራተኛ ነቅሎ ኪሱ የከተተው ያ የተቃጠለ ማያያዣ ነው።

አራተኛውን ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ። ከሱቄ በታች አንድ ጤና ጣቢያ አለ። እዚያ ያለው የክትባት ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት። ከዚያ ከሞቀ ክትባቱ ጉልበቱን ያጣል። ከቀዘቀዘና ከበረደ ደግሞ አንዳንዱ ጨርሶ ይሞታል። ነርሷ ጠዋትና ማታ ሙቀቱን አንብባ ወረቀት ላይ ትጽፋለች። ፍሪጁ ስታብላይዘር አለው፣ ደህና ዕቃ ነው፣ እኔ አልሸጥኩትም። መግቢያው ከ150 እስከ 260 ቮልት ይላል። የፋሲካ ዋዜማ እኔ ሱቅ 149 ነበር ብያለሁ። ጤና ጣቢያው ከእኔ በታች ስለሆነ ከዚያም ሳያንስ አይቀርም። ስታብላይዘሩ እንደተሠራበት ቆረጠ። እንግዲህ ያን ማታ ኮሪደሩ ላይ አምፖል በርቷል፣ ፍሪጁ ግን ቆሟል። ሰው ቢጠይቃችሁ «መብራት አለ» ነው የምትሉት። ነርሷ ከጾሙ ፍቺ በፊት ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አድርጋ በባጃጅ ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ ወሰደች። የባጃጁን ከራሷ ከፈለች። ስታብላይዘር ግዙ ለተባለ ሰው የተገዛም ስታብላይዘር እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ማሳያ የለኝም።

ስለ ወፍጮ ቤቱ በአጭሩ። ሁለት ጊዜ አንድ ፌዝ ጠፍቶ በሁለቱ ብቻ ሲዞር ሞተሩ ተቃጠለ። ሁለቱንም ጊዜ ጥቅለላ ሄደ። የፌዝ መከላከያ ሪሌ አስገባ ብዬ የነገርኩት ከመጀመሪያው በኋላ ነበር፤ አልሰማኝም።

የራሳችንንም ጥፋት እንናገር፣ አለዚያ ደብዳቤው እውነት አይሆንም። ይኸው ወፍጮ በቀጥታ ሲነሣ ከሚሠራበት አምስት ስድስት እጥፍ አምፔር ይጎትታል። በዚያች ቅጽበት የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ዓይኑን ይጨፍናል። ስታር ዴልታ የሚባለውን፣ ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሣ ማስነሻ ቢገጥም መነሻው ወደ ሲሶ ይወርድ ነበር። ብየዳ ቤቱም ማታ ማታ በር እየበየደ ቲቪያችንን ያንቀጠቅጥ ነበር። ከሁለቱም ጋር ኮሚቴው ተነጋግሯል። ወፍጮው ማስነሻውን እስከ ሰኔ እገጥማለሁ ብሏል። ብየዳው ከ12 ሰዓት በኋላ ላይሠራ ተስማምቷል። ከአንድ ሁለት ማታ በቀር ይኸው ተከብሯል። በቆጣሪ ሳያልፍ የሚጠቀም ሰው ካለም ኑና ቁረጡት፣ አንከላከልለትም።

የእናንተም መልካም ሙከራ አለ፣ መጥቀስ ተገቢ ነው። በየካቲት አንድ ባለሙያ መጥቶ መብራት አጥፍቶ የትራንስፎርመሩን ታፕ (የሚያወጣውን ቮልት መቀየሪያ) በ5 በመቶ ከፍ አድርጎልን ነበር። ደብተሩ እንዲህ ይላል። ምሽት ከ158 ወደ 166። ሌሊት ከ238 ወደ 250። ማታ ያልጠቀመን ሌሊት አምፖል አረገፈብን። በሳምንቱ ተመልሶ እንዲያወርደው ለመንን፣ አወረደው። ችግሩ ታፕ እንዳልሆነ ከዚያ በላይ መለኪያ አያሻም። የሌሊቱ ደህና ሆኖ የምሽቱ የሚወድቀው ትራንስፎርመሩ የሚልከው አንሶ ሳይሆን መንገድ ላይ ስለሚቀር ነው።

መንገዱን ደግሞ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ከትራንስፎርመሩ እስከ እማማ ምሰሶ 800 ሜትር ገደማ ነው። ሽቦው 25 ካሬ ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ነው። በዚህ ርቀት የአንዱ ሽቦ ብቻውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ወደ 1 ኦም ይጠጋል። 40 አምፔር ሲያልፍበት 40 ቮልት በመንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ጭነቱ በሦስቱ ፌዝ እኩል ቢከፋፈል በኒውትራሉ የሚመለሰው ይጠፋፋና ኪሳራው እዚያ ያበቃል። እኛ ጋ ግን አዲስ ቤት ሲመጣ ሠራተኛው በእጁ በቀረበው ፌዝ ላይ ሰክቶ ይሄዳል። በአንዱ ፌዝ ላይ ከሃያ በላይ ቤት ቆጥሬያለሁ፣ በሌላው ስድስት። ስለዚህ በኒውትራሉም ሌላ ይቀራል፣ ሲበዛ እስከ 40። 220 ላይ እስከ 80 ቀንሱበት። መስመሩ ሲዘረጋ ይህ ቁልቁል የገብስ ማሳ ነበር፣ ቤቱም በጣት የሚቆጠር። ያኔ የዘረጋው ሰው አላጠፋም። ከዚያ ወዲህ ያልተመለሰው ነው ያጠፋው።

ኃይል የለም እንዳትሉንም። ባለፈው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ይህ ሰፈር ሌሊቱን ሲጨፍር ነው ያደረው። 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እማማ እንኳ የቦንድ ወረቀታቸውን ከሣጥን አውጥተው አሳይተውናል። ከጉባ ተነሥቶ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ ሆለታ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ የመጣ ኃይል እኛ በር ለመድረስ 800 ሜትር ሲቀረው ወገቤን አለ። ያን ያህል የሄደ አገር ይህችን ታክል አያቅተውም ብለን ነው የምንጽፈው።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ፌዞቹ ይመጣጠኑልን። ለዚህ ግዢ አያስፈልግም፣ ጨረታም አያስፈልግም። አንድ ቡድን፣ አንድ መሰላልና አንድ ቀን ይበቃል። የትኛው ቤት በየትኛው ፌዝ ላይ እንዳለ ሥዬ አዘጋጅቻለሁ፣ ለሠራተኞቹ እሰጣለሁ። በዚያው ቀን ከትራንስፎርመር እስከ መጨረሻው ምሰሶ ያሉት የኒውትራል ማያያዣዎች ሁሉ ይፈተሹ፣ የላላው ይጥበቅ፣ የተበላው ይቀየር።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ሳምንት ቮልት የሚመዘግብ መለኪያ በትራንስፎርመሩና በመጨረሻው ምሰሶ ላይ ይገጠምልን። የእኔን ደብተር ባታምኑ አልቀየምም። የራሳችሁን እመኑ።

ሦስተኛ፣ ልኬቱ የምንለውን ካረጋገጠ ከቁልቁሉ አጋማሽ ላይ ሁለተኛ ትራንስፎርመር ይተከል፣ የቀጠነውም ሽቦ በወፍራም ይቀየር። ይህ ገንዘብና ጊዜ እንደሚፈልግ እናውቃለን። ነገ አንልም። በዕቅዳችሁ ውስጥ መቼ እንደሚገባ ግን በጽሑፍ ይነገረን። የጉልበት ሥራ፣ ጉድጓድ መቆፈርና ምሰሶ መሸከም ከሆነ ሰፈሩ ይወጣል። ለዚህ 40 ወጣት ስሙን አስመዝግቧል።

አራተኛ፣ መስመር ላይ በደረሰ ብልሽት ዕቃ ሲቃጠል የጥገና ቡድኑ ያገኘውንና የሠራውን የሚገልጽ ወረቀት ለደንበኛው ሰጥቶ ይሂድ። ካሣ ይከፈል አይከፈል በሕግ ይታያል። ያለ ወረቀት ግን ክርክሩ እንኳ አይጀመርም። የገና ዋዜማው 9 ቤት ጉዳይ በዚሁ መንገድ እንደገና ይታይልን።

አምስተኛ፣ ማስታወቂያው ይነሣ፣ ወይም ይታረም። ቢታረም እንዲህ ቢል እኛም እንስማማለን። ፍሪጅ ያለው ሰው ማዘግያና ከፍተኛ ቮልት መቁረጫ ያለው መከላከያ ይግጠም። ይህ መከላከያ ቮልት አያስተካክልም፣ ከልክ ሲያልፍ ይቆርጣል እንጂ። ዋጋው ከስታብላይዘር ያንሳል፤ ከጎረቤትም ቮልት አይነጥቅም። ስታብላይዘር ለሕክምናና ለላብራቶሪ ዕቃ ይሁን፣ አቅሙም ዕቃው ከሚፈልገው በእጥፍ ይመረጥ። ዝናብና ነፋስ ሲያይል፣ መብረቅ ሲጀምር ሁሉም ከሶኬት ይነቀል። በዚህ የማተርፈው ያንሳል፣ ግድ የለም። የፍሪጅ ጥገናው ይበቃኛል።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። በራችሁ ላይ ሳይሆን በኮሚቴው ስም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ራስዎ ቢመጡ እንወዳለን። ከምሽቱ 1 ሰዓት ይምጡ፣ ቀን አይምጡ፣ ቀን ሁሉም ደህና ይመስላል። ከራስዎ ቢሮ የታመነ ቴስተር ይዘው ይምጡ። ቁልቁሉን አብረን እንወርዳለን፣ በየቤቱ ሶኬት እየለካን። የመጨረሻው እማማ ቤት ነው። ቡና ያፈላሉ፤ ምድጃው እስኪግል ግን ትንሽ እንቆያለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሰፈሩ ነዋሪዎች የመብራት ኮሚቴ ጸሐፊ
ፍሪጅ ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለወረዳችን አስተዳደር
ለጤና ጣቢያው ኃላፊ
ለወፍጮ ቤቱና ለብየዳ ቤቱ ባለቤቶች (የገቡትን ቃል እንዲያስታውሱ)